በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ ጥቀርሻውና ጥይቱ

የድሮ ጠመንጃ ባሩዱንም ጥይቱንም የሚጎርሰው ከፊት፣ በአፈሙዙ ነው። ተኳሹ መጀመሪያ ባሩዱን ያፈሳል፤ ቀጥሎ የእርሳስ ጥይቱን በዘንግ እየገፋ እስከ ታች ያወርደዋል። ለመጀመሪያዎቹ ተኩሶች አይቸግርም። ትንሽ ቆይቶ ግን ያው ጥይት በዚያው ቱቦ አልገባ ይላል።

ምን ዘጋው? የባሩዱ ጥቀርሻ ነው። ጥቁር ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባል ጨው ይሠራል። ሲቃጠል ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከግማሹ ያነሰው ነው። የቀረው ከፊሉ በወፍራም ጭስ ይወጣል፣ ከፊሉ ቱቦው ውስጥ ይለጠፋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ጥቀርሻው ለስለስ ይላል። በደረቅና በሞቃት ቀን ግን ተጋግሮ ይደርቃል።

ታዲያ ለምን አነስ ያለ ጥይት አይጎርስም? ውስጡ ልሙጥ በሆነ ጠመንጃ የተደረገው ይኸው ነው። የእንግሊዞቹ ብራውን ቤስ ቱቦው 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሰፋ፣ ክቡ ጥይት ግን 17.5 ገደማ ነበር። ቶሎ ይጎርሳል፤ ነገር ግን ጥይቱ ቱቦው ውስጥ እየተንገጫገጨ ስለሚወጣ ከ100 ሜትር ወዲያ አንድን ሰው ለይቶ መምታት የዕድል ነገር ነው።

ዒላማ እንዳይስት ቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ይቀረጻሉ። ቦዮቹ ጥይቱን ያሽከረክሩታል፤ የሚሽከረከር ጥይት ደግሞ አቅጣጫውን ይጠብቃል። ለዚህ ግን ጥይቱ ቦዮቹን አጥብቆ መያዝ አለበት። የቀድሞ ተኳሾች ክቡን ጥይት ቅባት በጠጣ ጨርቅ ጠቅልለው ያጎርሱት ነበር። ጨርቁ ክፍተቱን ይሞላል፣ ጥቀርሻውንም ያለሰልሳል። ዋጋው ጊዜ ነው። የእንግሊዝ ጦር ቤከር የተባለውን ጠመንጃ ለወታደሮቹ ሲያድል፣ ጥይቱን መትቶ ለማስገባት መጀመሪያ ላይ ትንሽ የእንጨት መዶሻም ይሰጥ ነበር።

መፍትሔው በ1849 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳዊው መኮንን ክሎድ ኤቲዬን ሚኒዬ መጣ። ጥይቱ ሾጣጣ ነው፤ ከቱቦው ትንሽ ስለሚቀጥን በቀላሉ ይወርዳል። ታቹ እንደ ኩባያ ጎድጓዳ ነው። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ ይህን ጎድጓዳ ይለጥጠውና እርሳሱ ቦዮቹን ይይዛል። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀው ብልሃት ይህ ነው፤ ሲገባ ቀጭን፣ ሲወጣ ሰፊ። ሥራውን የሚሠራው ግን ለስላሳ ንጹሕ እርሳስ ሲሆን ብቻ ነው፤ ጠንካራ እርሳስ አይለጠጥም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በዚህ ጥይት የሚተኩሰውን ስፕሪንግፊልድ የተባለ ጠመንጃ የያዘ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይተኩስ ነበር። ከጥይቶቹም አንዳንዶቹ ከታች የዚንክ ዝርግ ተገጥሞላቸው፣ ሲወጡ ጥቀርሻውን ፍቀው እንዲያወጡ ታስበው የተሠሩ ነበሩ።

ቅባቱስ? እሱም ተራ ነገር አልነበረም። በ1857 እ.ኤ.አ. በሕንድ በእንግሊዞች ሥር የነበሩ ወታደሮች ኤንፊልድ የተባለውን ጠመንጃ ባለ ወረቀት ጥይት በጥርሳቸው ቀደው እንዲያጎርሱ ታዘዙ። ወረቀቱ የላምና የአሳማ ስብ ተቀብቷል የሚል ወሬ ተዛመተ። ይህ ሂንዱውንም ሙስሊሙንም የሚያረክስ ነበር። ሲብላላ የቆየ ብዙ ቅሬታ ላይ ተጨምሮ በእንግሊዞች ላይ ለተነሣው ታላቅ አመፅ መነሻ ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ጣጣው በእርግጥ የቀለለው ጠመንጃው ከኋላ መጉረስ ሲጀምር ነው። ጥይቱ ሙሉ ውፍረቱን እንደያዘ ከኋላ ይገባል፤ በጥቀርሻው መሃል ወደ ታች መገፋት አይጠበቅበትም። ከመቅደላ በታች እሮጌ ላይ በ1868 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ስናይደር የተባለው ጠመንጃ፣ ኤንፊልዱ ከኋላ እንዲጎርስ ተለውጦ የተሠራ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ተኳሾች በአብዛኛው ገና በአፈሙዝ ያጎርሱ ነበር።

ዛሬ ይህን ጠመንጃ ማን ይይዛል? በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ አጋዘን የሚታደንበት ልዩ ወቅት አለ። እርስዎም እዚያ ሆነው ለመግዛት ካሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቦዩ አንድ ዙር የሚጨርሰው በስንት ርዝመት እንደሆነ ነው። 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚፈጅ ከሆነ በጨርቅ ለተጠቀለለ ክብ ጥይት ይስማማል። 70 ገደማ ከሆነ ረዘም ላለ ጥይት ነው። ረጅሙን ጥይት 165 በሚፈጀው ዘገምተኛ ቦይ ከተኮሱት በአየር ላይ ይገለባበጣል።

ከተኩስ በኋላ ያለውን ሥራም ከወጪው ይቁጠሩት። ጥቀርሻው ጨው ስላለበት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብረቱን ለማዛግ አንድ ሌሊት ሊበቃው ይችላል። በዚያው ቀን በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠቡት። በደንብ ያድርቁትና ዘይት ይቀቡት።