እስስት ከሳህን አትጠጣም

በወለጋ፣ በነቀምትም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ እስስት ለማየት ጫካ መግባት አያስፈልግም። የሰንሰል አጥር፣ የቡና ማሳ ዳር፣ የግራዋ ቁጥቋጦ ይበቃል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከአጥር ላይ ያነሷታል፤ ካርቶን ውስጥ ያስገቧታል፤ አየር እንዲገባላት ካርቶኑን በምስማር ይበሱላታል፤ አንድ ዘለላ ቅጠልና በጣሳ ውሃ ያስቀምጡላታል። ደግነታቸው ያስመሰግናል። እስስቷ ግን ውሃ የሞላው ጣሳ አጠገብ ሆና በጥም ትሞታለች።

ስለ ቀለሟ ሰው ሁሉ ስለሚያወራ እኔ ቶሎ ልለፈው። ቀለሟን የምትለውጠው የተቀመጠችበትን ለመምሰል ነው የሚባለው ስህተት ነው። ለውጡ በዋናነት ከሙቀትና ከብርድ፣ ከፍርሃት፣ ከሌላ እስስት ጋር ከመፋጠጥ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያስረዱ፣ በቆዳዋ ሴሎች ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች እርስ በርስ ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደሚለወጥ አሳይተዋል። መርዝም የላትም። ስትጨነቅ ትነክስ ይሆናል፤ ጉዳዩ በዚሁ ያልቃል። አቋመ ቢሱን ሰው በእሷ ስም መሳደባችንም ግፍ ነው።

ወደ ውሃው ልመለስ።

እስስት የዛፍ ፍጥረት ናት። ወደ ኩሬ ወርዳ አንገቷን ደፍታ የመጠጣት ልማድ የላትም። ውሃን የምታውቀው ቅጠል ላይ ሲያብለጨልጭ ወይም ከላይ ሲንጠባጠብ ነው። በሳህን የቆመ ጸጥ ያለ ውሃ ዓይኗን አይስበውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ አታየውም። ወለጋ ደግሞ ጠብታ የማይጠፋበት አገር ነው። ነቀምት ከባህር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ረጅም፣ ዝናቧ ብዙ ከተማ ናት። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዝናቡን ጤዛ ይተካዋል። ጠዋት አጥሩን አልፎ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ሱሪው እስከ ጉልበቱ የሚርሰው በዚያው ጤዛ ነው፤ እስስቷም የምትጠጣው እሱኑ ነው።

ስትጠጣ ያያት ሰው ጥቂት ነው፤ ታግሶ የሚቆም ስለማይገኝ ይመስለኛል። ነፍሳት ለመያዝ እንደ ወንጭፍ የምትወረውረው ያ ረጅም ምላስ እዚህ ላይ አይወረወርም። አፏን ወደ ቅጠሉ አስጠግታ ጠብታውን ትልሳለች፤ ቆም ትላለች፤ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደግሞ ትልሳለች። እስክትጀምር ብዙ ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ከጀመረች በኋላም አትቸኩልም። አንዴ ውሃ ረጭቶ «አልፈልግም አለች» የሚል ሰው ገና ሳትጀምር ትቷት የሄደ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቀን ከካርቶኑ ጋር መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ውሃ ሰጥተናት እምቢ አለች፤ ታማለች እንዴ?» አለኝ።

«አልታመመችም፤ ጠምቷታል። እስቲ ቅርንጫፍ ላይ አውጣትና ቅጠሉን አርጥብላት» አልኩት።

ከቡና ዛፍ ላይ አስቀመጣት፤ በእጁ ውሃ እያፈሰ ቅጠሉን አረጠበው። ቆይታ መላስ ስትጀምር ልጁ ጓደኛውን ለመጥራት ሮጠ።

ለዚህ ሥራ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ታጥቦ፣ ክዳኑ በመርፌ ጫፍ ይበሳና ከቅርንጫፍ በላይ ተዘቅዝቆ ይታሰራል። ውሃው በየጥቂት ሰከንዱ ጠብ እንዲል፣ ጠብታውም ሰፊ ቅጠል ላይ አርፎ ወደ ታችኛው ቅጠል እንዲወርድ ይደረጋል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ቢንጠባጠብ መልካም ነው። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ፕላስቲኩም ይታጠብ።

ጠምቷት እንደሆነ የሚናገረው ዓይኗ ነው። በየፊናቸው የሚዞሩት ሁለቱ ዓይኖቿ ሞልተው ወጣ ማለት ሲገባቸው ወደ ውስጥ ከጎደጎዱ ውሃ አንሷታል። ከዓይኗ ቀጥሎ ኩሷ ይታይ። ከጥቁሩ ጋር አብሮ የሚወጣው ጠጣር ነገር ሽንቷ ነው፤ ነጭ ከሆነ ደህና ናት፣ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ካደላ ግን ጥም ላይ ናት።

የሚያናድዱኝ ሰዎች አሉ። አፏን ፈልቅቀው በሲሪንጅ ውሃ የሚጨምሩባት ናቸው። ውሃው ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ በጥም ልትሞት የነበረችው በውሃ ትሞታለች። ቀዝቃዛ ውሃ በጭንቅላቷ ላይ የሚያፈሱም አሉ። ደግሞ ሌሎች ርጥበት ትወዳለች ሲባል ሰምተው በተዘጋ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያፍኗታል። እስስት የምትወደው ረጥቦ የሚደርቅ፣ አየር የሚመላለስበት ቦታ ነው። ሁልጊዜ ርጥብ ሆኖ አየር የማያገኝ ቤት የመተንፈሻ በሽታ ያመጣባታል። ስለዚህ ቤቷ በመረብ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን ይታሰብበት! በዴዴሳ ሸለቆና በሌሎች የወባ አካባቢዎች ለየቤቱ የሚታደለው አጎበር ፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ነው። ለሰው ጥሩ ነው፤ ለእሷ ቤትነት ግን አይሆንም፤ ምግቧንም ይገድልባታል። ለቤቷ የሚገባው ቅርንጫፍም ከቅንጭብ አይቆረጥ፤ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል።

የቀረው አጭር ነው። የምትበላው ፌንጣ፣ ዝንብና ሌላ ሕያው ነፍሳት ነው፤ ኬሚካል ከተረጨ ጓሮ አይለቀምላት። የጠዋት ፀሐይና የምትሸሽበት ጥላ ያስፈልጋታል፤ በመስኮት መስታወት አልፎ የሚመጣ ፀሐይ ግን አጥንቷን የሚያጠነክረውን ጨረር ይዞ አይገባም። ብቻዋን ትኑር፤ ሁለት እስስት አንድ ቤት ማስገባት ጠብ መግዛት ነው። ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልም ያስጨንቃታል እንጂ አያላምዳትም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ያሉ የወለጋ ልጆችንም አስቤ ነው። እዚያ በሱቅ የሚሸጠው አንዱ ዋነኛ ዓይነት ራሱ ላይ እንደ ቆብ ያለ አጥንት የተሸከመው፣ አገሩ ከቀይ ባሕር ማዶ የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ የሆነው እስስት ነው። በብርዱ ወራት የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው የጠብታው ነገር እዚያ ይብሳል። ልዩ የጨረር አምፖልም መግዛት ግድ ነው። ሴቷ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለችና የምትቆፍረው አፈር ይዘጋጅላት።

አገር ቤት ያለነው ግን ጉዳያችን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ እስስቶችም ኢትዮጵያ የፈረመችው የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ ከሚቆጣጠራቸው ውስጥ ናቸው። ከእስስቶቻችን አንዷ፣ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ያስተዋወቃት የደጋ እስስት፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር አትገኝም። እንዲህ ያለችውን በሳጥን ከመያዝ አጥሩን ለእሷ ማመቻቸት ይበልጣል። በበጋ ደረቅ ወራት ያንኑ የሃይላንድ ፕላስቲክ ሰንሰሉ ላይ ብታንጠለጥሉ እሷ ራሷ ትመጣበታለች።

አጥር የምትከረክሙም አደራ። ከመከርከማችሁ በፊት በዋዜማው ማታ ባትሪ ይዛችሁ አጥሩን ዙሩ። እስስት የምትተኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው፤ ስትተኛም ቀለሟ ስለሚነጣ በብርሃን ቶሎ ትታያለች። ያገኛችኋትን ከነቅርንጫፏ ወደማይቆረጠው ዛፍ አሻግሯት።