ከፕሮስቴት ኦፕራሲዮን በፊት ነቀርሳን በምስል ስለ መመርመር

በጎጃም ደጋ፥ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው አገር፥ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶችን ወደ ሆስፒታል ከሚያመጧቸው ችግሮች አንዱ የሽንት መታገድ ነው። ብዙዎቹ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ መነሣቱን፥ የሽንቱንም መቅጠንና መንጠባጠብ የእርጅና ጠባይ ነው ብለው ለዓመታት ይታገሡታል፤ ነገሩ ስለሚያሳፍራቸውም ለልጆቻቸው እንኳ አይናገሩም። በመጨረሻ ሽንቱ ፈጽሞ ሲዘጋ በዘመድ ተደግፈው ይመጣሉ። በሽንት ቧንቧቸው ካቴተር ሲገባ ጭንቁ ይቀላል፤ ቀጥሎም ኦፕራሲዮን ይታሰባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን አንድ ጥያቄ ማስረዳት ነው። ይኸውም፦ የፕሮስቴት ዕጢው ያደገው በእርጅና ብቻ ነውን ወይስ በውስጡ ነቀርሳ አለበት? የምስል ምርመራስ ሁለቱን ለመለየት እስከ ምን ድረስ ይረዳናል?

1ኛ. የዕጢው አቀማመጥና የኦፕራሲዮኑ ጠባይ

ፕሮስቴት ከፊኛ በታች ሆኖ የሽንት ቧንቧን ከብቦ የሚገኝ፥ የወንድ ብቻ የሆነ ዕጢ ነው። በወጣትነት ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው። ዕድሜ ሲጨምር ቧንቧውን የሚያዋስነው የውስጥ ክፍል ያድጋል። በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች በግማሽ ያህሉ ይህ ዕድገት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይገኛል። ዕድገቱ ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ነቀርሳም አይለወጥም። የሚጎዳው ቧንቧውን ተጭኖ ሽንትን በማገዱ ነው።

ነገሩን በብርቱካን ብንመስለው ይቀላል። በእርጅና የሚያድገው የውስጡ ሥጋ ነው። ነቀርሳ ግን ከመቶው ሰባ ያህሉ የሚነሣው ከውጪው ክፍል፥ ማለት ከልጣጩ ነው። ፍሬየር የተባለው የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በፊኛ በኩል ገብቶ ዕጢውን ስለ ማውጣት ጽፎ ነበር፤ ሚሊን ደግሞ በ1945 ፊኛውን ሳይከፍት የሚያወጣበትን መንገድ አሳወቀ። ዛሬም በሽንት ቧንቧ በኩል በሚገባ መሣሪያ ዕጢውን እየላጉ ማውጣት የተለመደ ነው። መንገዱ ቢለያይም ሦስቱም ሥጋውን አውጥተው ልጣጩን ይተዋሉ። ስለዚህ «ፕሮስቴቴ ወጥቶልኛል፤ ነቀርሳ አያገኘኝም» የሚል ሰው ተሳስቷል። ነቀርሳው የሚነሣበት ክፍል አብሮት አለና።

2ኛ. አስቀድሞ ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

በሦስት ምክንያት ይጠቅማል። አንደኛ፥ ነቀርሳው ከዕጢው ሳይወጣ ከተገኘ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ዕጢውን ከነልጣጩ ማውጣት ወይም በጨረር ማከም ይሆናል። አስቀድሞ ውስጡ ብቻ ከወጣ ግን ቦታው በጠባሳ ስለሚያያዝ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን አስቸጋሪ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ነቀርሳው ወደ አጥንት ተሠራጭቶ ከሆነ ዋናው ሕክምና የወንድነትን ሆርሞን መቀነስ ነው። ሐጊንስ የተባለው ሐኪም ይህን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቶ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ሦስተኛ፥ በሽተኛው ሽንቱ ስለ ተከፈተለት ድኛለሁ ብሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ፥ ነቀርሳው ሳይታይ የሚያድግበት ጊዜ ያገኛል።

3ኛ. የመመርመሪያዎቹ ኃይልና ድካም

ሀ. ጣት። ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ሲዳስስ ልጣጩን በቀጥታ ያገኘዋል። በእርጅና ያደገ ዕጢ ለስላሳና የተስተካከለ ሲሆን ነቀርሳ ያለበት ብዙ ጊዜ ጠጣርና ጐርበጥባጣ ነው። ትንንሹ ነቀርሳ ግን ከጣት ያመልጣል።

ለ. የደም ምርመራ። ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ፕሮቲን ከዕጢው ወደ ደም ይገባል። ነቀርሳ ያበዛዋል፤ ነገር ግን በእርጅና ያደገ ዕጢም፥ የተመረዘ ሽንትም፥ የሽንት መታገድም፥ ካቴተር ማስገባትም ያበዛዋል። በካቴተር ጭንቁ በቀለለለት ሰው ላይ በማግሥቱ የተለካ ፒ.ኤስ.ኤ. አሳሳች የሚሆነው ስለዚህ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መለካት ይሻላል።

ሐ. አልትራሳውንድ። በሆድ በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ የዕጢውን መጠን፥ በፊኛ ውስጥ የሚቀረውን ሽንት፥ የፊኛ ጠጠርንና የኩላሊትን ማበጥ ያሳያል። የማያሳየው የዕጢውን ጠባይ ነው። በፊንጢጣ በኩል የሚደረገው ቀረብ ብሎ ቢያይም፥ ከነቀርሳዎቹ ብዙዎቹ ጤነኛውን ሥጋ መስለው ስለሚታዩ በዚያም ያመልጣሉ። ስለዚህ «ዕጢው አድጓል» የሚል የአልትራሳውንድ ወረቀት የልክ ማስረጃ እንጂ ነቀርሳ ስለ አለመኖሩ ምስክር አይደለም።

ልኩ ግን ከደሙ ቁጥር ጋር ሲገናኝ ትልቅ ጥቅም አለው። የዕጢው ርዝመት፥ ስፋትና ውፍረት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ እንደ ገና በ0.52 ሲባዛ መጠኑ በሚሊ ሊትር ይገኛል። 6 በ5 በ5 የሆነ ዕጢ 78 ሚሊ ሊትር ነው። የሁለት ሰዎች ፒ.ኤስ.ኤ. እኩል 7 ናኖግራም ቢሆን፥ የአንደኛው ዕጢ 78፥ የሁለተኛው 29 ሚሊ ሊትር ቢሆን፥ ሰባቱን ለየመጠኑ ስናካፍለው ለአንደኛው 0.09፥ ለሁለተኛው 0.24 ይሆናል። ሐኪሞች በብዛት እንደ ወሰን የሚይዙት 0.15 ነው። የደማቸው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ይበልጥ የሚያሳስበው ሁለተኛው ሰው ነው።

መ. ራጅ። ራጅ ፕሮስቴትን አያሳይም። ነገር ግን የዚህ ነቀርሳ ሥርጭት በወገብና በዳሌ አጥንት ላይ ብዙ ጊዜ ነጣ ያሉና የጠጠሩ ነጥቦች ሆኖ ይታያል። ዕድሜውን በሞፈርና በቀንበር ያሳለፈ ሰው ወገቤን አመመኝ ሲል ሁሉም የእርሻ ድካም ነው ይለዋል። ሽንቱም የታገደበት ከሆነ ግን አንድ የወገብ ራጅ ማንሣት አይከፋም። ራጁ ንጹሕ መሆኑም ብቻውን ነጻ አያወጣም፤ ሥርጭቱ በራጅ ከመታየቱ በፊት ጊዜ ይወስዳልና።

ሠ. ኤም.አር.አይ.። ይህ መሣሪያ በማግኔት ኃይል ምስል የሚሠራ ነው። ነቀርሳ በአንደኛው የምስል ዓይነት ጠቆር ብሎ ይታያል፤ በሌላው ደግሞ የውኃ እንቅስቃሴ የታገደበት ቦታ ሆኖ ይለያል። አንባቢው ሐኪም የጥርጣሬውን ደረጃ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፕሮሚስ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት 576 ወንዶችን መርምሮ ነበር። አሳሳቢ ነቀርሳ ካለባቸው መቶ ሰዎች ኤም.አር.አይ. 93ቱን ሲያመለክት፥ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ናሙና መውሰድ ያገኘው 48ቱን ብቻ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ነቀርሳ ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ኤም.አር.አይ. ነጻ ያወጣው 41ዱን ብቻ ስለ ሆነ፥ የተጠረጠረው ቦታ በናሙና መረጋገጥ አለበት። በ2025 የወጣው ፕራይም የተባለ ጥናት ደግሞ በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ቢቀርም አሳሳቢውን ነቀርሳ በማግኘት በኩል ውጤቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ይህም ጊዜና ወጪ ስለሚቀንስ እንደ እኛ ላለ አገር የሚጠቅም ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ናሙና ከተወሰደ በኋላ የሚፈሰው ደም ምስሉን ስለሚያደበዝዝ፥ ኤም.አር.አይ. የሚቻል ከሆነ ከናሙናው ይቅደም። በሰውነቱ ውስጥ የጥይት ወይም የብረት ፍንጣሪ ያለበት ሰውም ወደ መሣሪያው ሳይገባ ይህን መናገር አለበት።

4ኛ. ማን ወደ ሩቅ ይላክ?

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም ከደጀን ወርዶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ይወጣል። ካቴተር ለያዘ ሽማግሌ ይህ ቀላል ጉዞ አይደለም። የመሳፈሪያው፥ የማደሪያውና የምርመራው ገንዘብ ሲደመር ገበሬው ከጥማዱ አንዱን በሬ እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል፤ አንድ በሬ የቀረው ገበሬም ለመጪው ክረምት በመቀናጆ ካልሆነ በቀር አያርስም። ስለዚህ ሁሉም ይላክ ማለት፥ ማንም አይላክ እንደ ማለት ያለ ስሕተት ነው።

በእኛ አስተያየት ርካሾቹ ምርመራዎች አንድ ላይ ሆነው ውዱን ምርመራ ለሚያስፈልገው ሰው ሊመርጡለት ይገባል። ዕጢው በጣት ለስላሳ የሆነ፥ የደሙ ቁጥር በትክክለኛው ጊዜ ተለክቶ ለዕጢው መጠን ሲካፈል ዝቅ ያለ፥ የአጥንት ሕመምም የሌለው ሰው በአቅራቢያው ኦፕራሲዮን ቢደረግለት ተገቢ ነው። ዕጢው የጠጠረ ወይም ቁጥሩ ከወሰኑ ያለፈ፥ ገና ብርቱና ብዙ ዓመት የመኖር ተስፋ ያለው ሰው ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለኤም.አር.አይ. ወይም ለናሙና ቢላክ ጉዞው ዋጋ አለው። በአንጻሩ፥ እጅግ ያረጀና በሌላ በሽታ የደከመ ሰው በዝግታ የሚያድግ ትንሽ ነቀርሳ ቢገኝበት ሕክምናው ላይለወጥ ይችላል። መልሱ ምንም ለማይለውጥ ጥያቄ በሬ ማሸጥ አይገባም።

5ኛ. ከኦፕራሲዮኑ በኋላ

የተጠቀሱት ምርመራዎች ሁሉ ተደርገውም የሚያመልጥ ነቀርሳ አለ። ስለዚህ የወጣው ሥጋ ለቤተ ሰብ ታይቶ ብቻ መጣል የለበትም፤ በፎርማሊን ተደርጎ ወደ ፓቶሎጂ ሐኪም መሄድ አለበት። በሥጋው ውስጥ ነቀርሳ ሲገኝ ከ5 በመቶ በላይ መያዙና አለመያዙ ለቀጣዩ ክትትል መሠረት ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ስለሚያልፉና በሽተኛው ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ስለሚመለስ፥ መልሱ የሚደርስበት መንገድ ከመውጫው ቀን በፊት ቢታሰብ መልካም ነው።

በአጭሩ፥ የዕጢው ልክ ታወቀ ማለት ጠባዩ ታወቀ ማለት አይደለም። ኤም.አር.አይ. ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ግን በር ላይ ቆሞ የሚለየው የሐኪሙ ጣት፥ በጊዜው የተለካ ደምና በጥንቃቄ የተሠላ አልትራሳውንድ ነው። እኛ ተማሪዎች ወደ ሥራ በምንሰማራበት በማናቸውም ትንሽ ሆስፒታል ሦስቱን አስተባብሮ መጠቀም ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን፥ ኦፕራሲዮኑ ከመወሰኑ በፊት ጥያቄውን መጠየቅ ነው።