ስላክላይን፦ አደጋው ያለው በጫፎቹ ነው

በሁለት ገደል መካከል በተወጠረ ቀጭን ጥብጣብ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ክንዱን የዘረጋ ሰው ፎቶ ስናይ ዓይናችን የሚሄደው ወደ እግሩ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ከእግሩ በታች ወዳለው ጥልቀት። በዚህ ስፖርት ውስጥ የኖረ ሰው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው የጥብጣቡን ሁለት ጫፎች ነው። ከምን ጋር ታስሯል? በምን ታስሯል? ያ ቢላቀቅ የሚይዘው ሌላ ምን አለ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ስላክላይን የሚባለው ጥብጣብም የመኪና ወንበር ቀበቶን የሚመስል፣ ከቀጫጭን ክሮች የተሸመነ ነገር ስለሆነ አባባሉ በልኩ የተሰፋለት ይመስላል። ተረቱ ያልነገረን ነገር ቢኖር አንበሳውን ያሰረው ድር ራሱ ከምን ጋር እንደታሰረ ነው። ስለ ስላክላይን ሲነገሩ የምሰማቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህች ካልተነገረች ነገር ይመነጫሉ።

«የሰርከስ ገመድ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ»

ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፔቲ እ.ኤ.አ. በ1974 በኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች መካከል የተራመደው በብረት ገመድ ላይ ነው፤ በእጁም ሚዛን የሚጠብቅበት ረጅም ዘንግ ይዞ ነበር። የብረት ገመድ በደንብ ተወጥሮ በጎን ገመዶች ሲያዝ ከእግር በታች ብዙም አይንቀሳቀስም። ስላክላይን ግን ይለጠጣል፣ ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ የሰውየው የጉልበት መንቀጥቀጥ ወደ ጥብጣቡ ሄዶ ጎልቶ ይመለስለታል። ዘንግም የለም፤ ያለው ሁለት ክንድ ነው።

የተወለደውም ሰርከስ ድንኳን ውስጥ ሳይሆን በቋጥኝ ወጪዎች መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ እነ አዳም ግሮሶውስኪና ጄፍ ኤሊንግተን ቋጥኝ ለመውጣት የያዙትን ጥብጣብ እየወጠሩ ይራመዱበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1985 ስኮት ባልኮም ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው በዮሴሚቲ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ወለል 880 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ሎስት አሮው ስፓየር ወደሚባለው የቋጥኝ ዓምድ ጫፍ የተዘረጋውን 17 ሜትር ገደማ መስመር ተሻገረ። ዛሬ ሃይላይን የምንለው በከፍታ ላይ የሚወጠር ስላክላይን ስሙን የተከለው በዚያ ነው።

ይህን የትውልድ ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ዕቃው ከቋጥኝ ወጪዎች ሲወረስ ስለ ዕቃው ያለው ግምትም አብሮ ተወረሰ። የቋጥኝ መውጫ ዕቃ የሚሠራው የወደቀን ሰው ለቅጽበት ለመያዝ ነው። ስላክላይን ግን ያንኑ ዕቃ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ወጥሮ ያቆየዋል።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያልፍበት፤ ምን ክብደት አለው?»

ከሁሉም አደገኛው እምነት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ጓሮ ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ ያሰረ ሰው ነገሩን ሳያውቀው ያውቀዋል። ገመዱ ረገብ ብሎ ከታሰረ እርጥብ ጋቢ ተሰጥቶበት ወደ መሬት ሰርጎድ ይላል እንጂ ምንም አይሆንም። እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ ግን ያው ጋቢ ሚስማሩን ነቅሎ ይወርዳል። የጋቢው ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገመዱ አንግል ነው። ገመድ ክብደትን ወደ ላይ መሸከም የሚችለው ሰርጎድ ባለበት መጠን ብቻ ነው። ሰርጉዱ ሲያንስ ያንኑ ክብደት ለመያዝ ጫፎቹን ወደ ውስጥ የሚጎትትበት ኃይል ይበዛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሰውየውን ክብደት በመስመሩ ርዝመት አባዙና በሰርጉዱ አራት እጥፍ አካፍሉ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ20 ሜትር መስመር መሃል ቆሞ መስመሩ አንድ ሜትር ቢሰረጉድ፣ እያንዳንዱ ጫፍ የ350 ኪሎ ያህል ጉተታ ይደርስበታል። ሰርጉዱ ወደ ግማሽ ሜትር ቢያንስ 700 ኪሎ ይሆናል፤ ወደ ሩብ ሜትር ቢያንስ 1400። ይህ ሁሉ ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆም ነው፤ ከዘለለበት ይጨምራል። ይህን ስሌት አንድ ጊዜ እንኳ በወረቀት ሠርቶ ያላየ ሰው መስመር ባይወጥር እመርጣለሁ።

«አጥብቀህ ወጥረው፣ ይቀልሃል» የሚለው ምክር የሚያሳስበኝም በዚህ ምክንያት ነው። ለጀማሪ እግር ጠበቅ ያለ መስመር ይመቻል፤ ይህ እውነት ነው። መስመሩን ማጥበቅ ግን ጫፎቹ ላይ ጭነት መቆለል ነው፤ ጀማሪው ደግሞ ጫፎቹን አያያቸውም። ለጀማሪ የሚበጀው አጭር መስመር ነው።

እንግዲህ ያንን ሁሉ ጉተታ የሚቀበለው ማነው? የጡብ ወይም የብሎኬት ምሰሶ ጠንካራ ይመስላል። የተሠራው ግን ከላይ የሚመጣ ክብደት ወደ መሬት እንዲያወርድ ነው። ወደ ጎን ሲጎተት ከሥሩ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሲወድቅም የሚወድቀው ወደሚጎትተው ጥብጣብ፣ ማለትም ሰዎቹ ወዳሉበት ነው። እንደዚህ ባሉ ምሰሶዎች ላይ ሃሞክ የሚባለውን ተንጠልጣይ መኝታ ያሰሩ ሰዎች በፍርስራሹ ተደፍጥጠው ሞተዋል፤ የስላክላይን ጉተታ ደግሞ ከሃሞክ ይበልጣል። የአጥር ብረት፣ የበረንዳ ድጋፍ፣ የመብራት ምሰሶ፦ ሁሉም ይቅሩ።

ዛፍ ከሆነ ሕያው፣ ሥሩ ያልላላ፣ ግንዱም ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። ዛፉን የሚጎዳው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዛፍ ምግቡን የሚያዘዋውረው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሕያው ክፍል ነው። ጠባብ ጥብጣብ በቀጥታ ሲታሰርበት እያሸ ያንን ክፍል ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ግንዱን ዙሪያውን ከከበበው ዛፉ ይደርቃል። ሰፊ ማሰሪያና ከሥሩ የሚነጠፍ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይህን ያስቀራል። የዛሬው መስመር ሳይጎዳው ቢያልፍም በየሳምንቱ ያው ዛፍ ሲታሰርበት ጉዳቱ ይጠራቀማል።

«ብረት ከሆነ ይችላል»

ካራቢነር የሚባለውን በር ያለው የብረት ማያያዣ ገዝታችሁ ከሆነ ጀርባውን አንብቡት። በርዝመቱ ሲጎተት 20 ወይም 22 ኪሎኒውተን፣ በጎኑ ወይም በሩ ተከፍቶ ሲጎተት ግን 7 ወይም 8 የሚል ጽሑፍ አለው። አንድ ኪሎኒውተን የ100 ኪሎ ያህል ጉተታ ነው። ይኸው ብረት አቀማመጡ በመዞሩ ብቻ ከጥንካሬው ሁለት ሦስተኛውን ያጣል ማለት ነው። ራቸት ለሚባሉት የጭነት ማሰሪያ መወጠሪያዎችና ሻክል ለሚባሉት የብረት ማያያዣዎች ደግሞ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ የሚበጠስበት፣ ሌላው እንዲሠራበት የሚፈቀድለት። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው፤ ልዩነታቸው ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

ቋጠሮም ብርታት የሚጨምር ይመስላል። ጥብጣብ ሲቋጠር ግን በራሱ ላይ ታጥፎ ስለሚጨቆን ከጥንካሬው ሲሶ፣ አንዳንዴም ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ዌብሎክ የሚጠቀሙት፦ ጥብጣቡ በለስላሳ ክብ ብረት ላይ ይጠመጠምና በራሱ ሰበቃ ይያዛል።

ዳይኒማ የሚባለው ክር ለክብደቱ ከብረት ይጠነክራል ሲባልም እውነት ነው። ግን 145 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ ናይለን ከ200 ዲግሪ በላይ ይቋቋማል። ጥብጣብ በጥብጣብ ላይ በፍጥነት ሲፋተግ ደግሞ ሙቀት በቅጽበት ይፈጠራል። የትኛው ክር «ምርጥ» እንደሆነ መጠየቅ የትም አያደርስም፤ የሚጠየቀው የትኛው ለየትኛው ቦታ እንደሚሆን ነው።

ራቸት ለአጭር የመናፈሻ መስመር ያገለግላል። ሲለቀቅ ግን ውጥረቱን ቀስ እያደረገ ሳይሆን ባንዴ ነው የሚለቀው፤ ጣትም ይይዛል። መስመሩ ቢበጠስ ብረቶቹ በመስመሩ አቅጣጫ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወነጨፋሉ። በጫፎቹ በኩል በመስመሩ አቅጣጫ አለመቆም፣ የመወጠሪያውንም ብረት በሌላ ገመድ ከዛፉ ጋር ማያያዝ፤ ሁለቱም የደቂቃ ሥራ ናቸው።

«ገደል ላይ የሚሄዱት ያለ ምንም መያዣ ነው»

ያለ መያዣ የተሻገሩ ጥቂቶች አሉ፤ ዝናቸውም ከቁጥራቸው በላይ ገኗል። አብዛኛው ሃይላይነር ግን ወገቡ ላይ ሃርነስ የሚባለውን የደህንነት ቀበቶ ታጥቆ፣ ሊሽ የሚባለውን ገመድ በስምንት ቁጥር ቋጠሮ በቀጥታ ከሃርነሱ ጋር አስሮ ነው የሚወጣው። የገመዱ ሌላ ጫፍ መስመሩ በውስጣቸው ከሚያልፍ ቀለበቶች ጋር ይያያዛል፤ ሰውየው ሲራመድ ቀለበቶቹ ከኋላው እየተንሸራተቱ ይከተሉታል። ብዙዎች ሁለት ቀለበት ያደርጋሉ፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው እንዲኖር። ከዋናው ጥብጣብ ሥር መጠባበቂያ ጥብጣብ ረገብ ብሎ ይሰቀላል፤ እሱም የራሱ ማሰሪያ አለው። ቋጥኙ ተመርምሮ በትራፓኖ ይበሳል፤ በየጫፉ ከአንድ በላይ ቡሎን ይገባል፤ ጭነቱ ተከፋፍሎ አንዱ ቢነቀል ሌሎቹ ይይዛሉ። ጥብጣቡ የድንጋይ ጠርዝ የሚነካበት ቦታ ሁሉ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፤ የተወጠረ ጥብጣብ ስለታም ድንጋይ ላይ ሲፈተግ እንደ ሥጋ ነው የሚቆረጠው።

ሰዎች ለማመን የሚቸገሩት ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በረጅም መስመር ላይ መውደቅ ከአጭሩ ይለሰልሳል። ረጅሙ ብዙ ስለሚለጠጥ ሰውየውን ቀስ አድርጎ ይቀበለዋል፤ አጭርና ጥብቅ መስመር ግን ወገብን ያላጋል። ከፍታም እንዲሁ ነው። ዋናው ጥብጣብ ተበጥሶ መጠባበቂያው እስኪይዝ ድረስ ሰውየው ብዙ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ከታች መቶ ሜትር ባዶ አየር ካለ ይንጠለጠላል፤ አሥር ሜትር ብቻ ካለ መሬት ሊመታ ይችላል። «ብዙም ከፍ አላለም» ተብሎ ቸል የሚባለው መካከለኛ ከፍታ ከገደሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስላክላይን ማኅበር የደረሱና ለጥቂት የቀሩ አደጋዎችን ሪፖርት ሰብስቦ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከመውጣት በፊት ቋጠሮን በሌላ ሰው ዓይን ማስመርመር በሃይላይነሮች ዘንድ ሕግ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ማስጠንቀቂያ ወደ ሰማይ የሚመለከት ነው፦ ቀጭኑ መስመር ለሄሊኮፕተር አብራሪ አይታይም፤ ስለዚህ ባለ ቀለም ምልክት ይንጠለጠልበታል፤ ለአቪዬሽን ባለሥልጣናትም አስቀድሞ ይነገራል።

«ዝቅ ያለው የልጆች መጫወቻ ነው»

ጉልበት የሚያህል ከፍታ ላይ ሊሽ የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ውድቀት መሬት ላይ ያርፋል። የሚጎዱት ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና የእጅ አንጓ ናቸው። ከሥሩ ድንጋይና ሲሚንቶ አይኑር። ተወጥሮ ያለ ጠባቂ የተተወ መስመር ደግሞ አመሻሹ ላይ በብስክሌት ለሚመጣ ሰው የማይታይ ወጥመድ ነው፤ ምልክት ይደረግበት፣ ወይም ይፈታ።

ስለ ውድቀት ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤስቶኒያዊው ያን ሮሴ በጣሊያን የመሲና ወሽመጥ ላይ፣ ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ ስፋት በሌለው ጥብጣብ፣ ከዋናው ምድር ተነስቶ ወደ ሲሲሊ ተጓዘ። መስመሩ ከ3600 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ከተራመደ በኋላ መድረሻው 80 ሜትር ገደማ ሲቀረው ወደቀ። ሳይወድቅ ስላልጨረሰ የዓለም ክብረ ወሰኑ አልተመዘገበለትም። ከባሕሩ በላይ በሊሹ ተንጠልጥሎ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ወደ ጥብጣቡ ተመልሶ ወጣ፣ ቆመ፣ የቀረችውን መንገድ ተራምዶ ሲሲሊ ደረሰ።