ያለቀና ያላለቀ፤ በአባያ ዳር የሚተረክ እንግሊዝኛ

አርባ ምንጭ ላይ እንግሊዝኛ የፈተና ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ገመድ ነው። ከሴቻ ወይም ከሲቀላ ተነሥቶ እንግዳ ይዞ ወደ ነጭ ሳር የሚወርድ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ «የአዞ ገበያ» የሚሉትን የአዞዎች መሰብሰቢያ የሚያሳይ፣ ዶርዜ ወጥቶ የቀርከሃ ቤት የሚያስጎበኝ ሰው ሥራው ዞሮ ዞሮ ታሪክ መተረክ ነው። የቃላት እጥረት የለበትም። የሚያደናቅፈው አንድ ምርጫ ነው፤ ያለፈውን ነገር «ፓስት ሲምፕል» በሚሉት ይናገረው ወይስ «ፕረዘንት ፐርፌክት» በሚሉት?

በትምህርት ቤት ሁለተኛውን «የቅርብ ኃላፊ» ብለን እንተረጉመዋለን። በእኔ አስተያየት የብዙው ስሕተት ምንጭ ይህ ስም ነው። ተማሪው ሁለቱን የሚለየው የጊዜ ርቀት ይመስለዋል፤ ትናንት ከሆነ አንዱ፣ አሁን ከሆነ ሌላው። እንግሊዝኛ ግን ርቀት አይለካም። ጀልባዋ ከሄደች አንድ ደቂቃ ባይሞላትም «ዘ ቦት ሌፍት ኤ ሚኒት አጎ» ይባላል፤ ፓስት ነው። ሰው ጨረቃን ከረገጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆነውም «ፒፕል ሃቭ ዎክድ ኦን ዘ ሙን» ማለት ይቻላል፤ ፐርፌክት ነው። የሚጠየቀው ጉዳዩ በአንድ ባለፈ ጊዜ ውስጥ ተዘግቶ ቀርቷል ወይስ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ክፍት ነው የሚለው ነው።

ነጭ ሳር ለዚህ የሚሆን ግሩም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በፓርኩ ሜዳ መንገድ ላይ ሞታ የተጨፈለቀች ወፍ አገኙ። ናይትጃር ከሚባሉት፣ በሌሊት ከሚበሩት ወፎች ወገን ነበረች። አካሏ ስለተበላሸ ይዘው የሄዱት አንድ ክንፍ ብቻ ነው። በ1995 ያ ክንፍ የአዲስ ዝርያ መግለጫ ሆነ፤ በሳይንሳዊ ስሟ «ሶላላ» ተባለች፣ በላቲን «አንድ ክንፍ ብቻ» እንደማለት። በ2009 አራት ወፍ ፈላጊዎች እዚያው ሜዳ ላይ በሕይወት አየናት አሉ። በእጅ የተያዘ ሁለተኛ ናሙና ግን አልተገኘም።

አስጎብኚው ይህን ሲተርክ የክንፉን መገኘት በፓስት ይናገራል፦ «ዘይ ፋውንድ ኤ ዊንግ ኢን 1990»። ዓመተ ምሕረት ከተጠራ በሩ ተዘግቷል፤ «ሃቭ ፋውንድ» ማለት አይቻልም። ፍለጋው ጋ ሲደርስ ግን «ኖባዲ ሃዝ ኮት ዋን» ይላል፣ እስከ ዛሬ የያዛት የለም ለማለት። እዚህ ላይ «ኖባዲ ኮት ዋን» ቢል እንግዳው ጉዳዩ ያበቃለት ይመስለዋል። ሰዎች አንድ ሰሞን ፈለጉ፣ አልቀናቸውም፣ ተውት። ዛሬ ማታ ባትሪ ይዞ ለመውጣት የነበረው ጉጉት እዚያው ይበርዳል።

አማርኛ በዚህ ቦታ አይረዳንም። «አልተያዘችም» ስንል ያን ጊዜም ይሁን እስከ ዛሬ አሉታው አንድ ነው፤ ልዩነቱን የምናወጣው «ያኔ» ወይም «እስካሁን» ብለን ነው። በአዎንታው በኩልም «ሄደ» እና «ሄዷል» ቢኖሩንም ድንበራቸው ልል ነው። «ትናንት መጥቷል» ብንል ማንም አያርመንም። ያንኑ ቃል በቃል ወስደን «ሂ ሃዝ ካም የስተርደይ» ስንል ግን የእንግሊዝኛ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ያነሣል። ሌላም አለ። እኛ «ወርዶ፣ ጀልባ ተከራይቶ፣ አዞ አይቶ ተመለሰ» እያልን ድርጊቱን በቦዝ አንቀጽ ቀጣጥለን መጨረሻ ላይ በአንድ ግሥ እናስረዋለን። ይህ ልማድ ያለበት ተራኪ እንግሊዝኛው ውስጥ «ሃዝ» ይደረድራል፦ ሃዝ ጎን፣ ሃዝ ሲን፣ ሃዝ ሪተርንድ። ሰሚው የሚሰማው ታሪክ ሳይሆን የክንውን ሪፖርት ነው።

ትረካ በእንግሊዝኛ የሚሄደው በፓስት ነው። ፐርፌክት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ወሬውን ለመክፈት ነው። «አይ ሃቭ ሲን ኤ ክሮኮዳይል አታክ» ብሎ የጀመረ ሰው ሰሚውን ያዘ፤ በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ግን ወዲያው ወደ ፓስት መውረድ አለበት፦ መቼ ነበር፣ ማን ነበር፣ ጀልባው ምን ሆነ። የቢቢሲ ዜናም እንዲህ ነው፤ መክፈቻው ላይ «ሃዝ» ይልና ዝርዝሩን በፓስት ይቀጥላል። አሜሪካኖች በመክፈቻውም ቢሆን ላላ ይላሉ፤ «ዲድ ዩ ኢት ዬት?» ሲሉ ብትሰሙ ያልተማሩ እንዳይመስሏችሁ።

ነገሩ ከሰዋስው አልፎ ሰው የሚነካው ዶርዜ ላይ ነው። የዶርዜ ቤት ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ምስጥ ከሥር እየበላው በዓመታት ውስጥ ያጥራል። ስለዚህ «ዘ ሃውስ ሃዝ ቢካም ሾርተር» ትክክል ነው፤ ማጠሩ ዛሬም ፊት ለፊት ይታያል። የቤቱን እመቤት ሲያስተዋውቁ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሺ ሃዝ ሊቭድ ሂር ፎር ፊፍቲ ይርስ» ማለት ኀምሳ ዓመት ኖረዋል፣ አሁንም አሉ ማለት ነው። «ሺ ሊቭድ ሂር» ከተባለ ወይ ቤቱን ለቀዋል ወይ ዐርፈዋል። እንግዳው ፊቱን አጥቁሮ ሐዘኑን ሊገልጽ ሲሰናዳ እማማ ቆጮውን ከማርና ከዳጣ ጋር ይዘው ብቅ ቢሉ አያድርስ ነው።

አባያ ራሱ ሦስተኛ መንገድ ያሳያል። ውኃው ቡናማ ቀይ የሆነው እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ደለል ሲያወርዱበት ስለኖሩ ነው። ዛሬም ስለሚያወርዱ «ሃቭ ቢን ብሪንጊንግ» ይባላል። ጥንት በጋሞ ደጋ ዝሆን ነበር የሚለውን የዶርዜዎችን አፈ ታሪክ ስንነግር ደግሞ «ኤለፋንትስ ዩዝድ ቱ ሊቭ ሂር» እንላለን፤ ዛሬ የሉምና።

ክፍል ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ወደ ምልክት ቃላት ተጨምቋል፦ «ሲንስ» ካየህ ይህን፣ «አጎ» ካየህ ያን ምረጥ። ለባዶ ቦታ መሙያ ያገለግላል። እንግዳ ፊት ቆሞ ለሚተርክ ልጅ ግን ማንም ምልክት አስቀምጦ አይጠብቀውም። የእንግሊዝኛ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ምርጫ ጥያቄውን ትታችሁ ተማሪውን አስተርኩት፤ የአንዲቱን ክንፍ ታሪክ ከእነ ዓመተ ምሕረቱ ስጡትና በራሱ አፍ ይንገራችሁ።