የደከመ ሰው ክብር

የዓለማዊ ሰብአዊነት ሊቃውንት ስለ ሰው ልጅ ሲጽፉ በዓይነ ልቡናቸው የሚያዩት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ፣ የተማረ፣ ጉልበቱ ያልከዳው፣ ፈቃዱን ተናግሮ ፈቃዱን የሚፈጽም ሰው ነው፤ እኔ ግን በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ በማስታገሻ ሕክምና ክፍል በነርስነት ሳገለግል ዕለት ዕለት የማገኘው ሰው ውኃ መዋጥ የተሳነው፣ ጎኑን ለመለወጥ እንኳ የሰው እጅ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ያን ትምህርት የምመዝነው በዚህ ሰው አልጋ አጠገብ ቆሜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ፈላስፋው ጆን ዴዊ ከፈራሚዎቹ አንዱ የሆነበት የመጀመሪያው የሰብአዊነት ሊቃውንት (ሂዩማኒስቶች) መግለጫ ወጣ፤ ዓላማውም የሰውን ኑሮና ምግባር ከሰማያዊ መገለጥ ለይቶ በሰው አእምሮና ልምድ ላይ ብቻ ማቆም ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1973 የወጣው ሁለተኛው መግለጫ፣ ሰው በሐኪም ርዳታ የመሞትና የገዛ ሕይወቱን የማጥፋት መብት ሊታወቅለት እንደሚገባ በግልጽ አሰፈረ። ፈራሚዎቹ ጨካኞች ነበሩ አልልም፤ በሕመም የሚሠቃየውን አይተው አዝነዋል፤ ሕመምተኛም ስለ ገዛ አካሉ ሳይጠየቅ እንዳይታከም የተሟገቱትን ሁሉ ክርስቲያን ሊያመሰግናቸው ይገባዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ የሰው ክብር የቆመው በፈቃዱና በችሎታው ላይ ከሆነ፣ ፈቃድና ችሎታ ሲያልቁ ክብሩ በምን ላይ ይቆማል?

የምኖርበት አገር ለዚህ ጥያቄ መልሱን በሕግ ሰጥቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በሐኪም ርዳታ መሞትን የሚከለክለውን ሕግ ሻረ፤ በ2016 የሚፈቅደው ሕግ ወጣ፤ በ2021 ደግሞ ሞቱ ቀርቧል ላልተባለ ሕመምተኛ ጭምር በሩ ተከፈተ፤ የአእምሮ ሕመም ብቻ ላለባቸው ሰዎች የታሰበው እስከ 2027 ተላልፏል። በ2023 በዚህ ሕግ መሠረት በሐኪም ርዳታ የሞቱት ከ15 ሺህ በላይ ናቸው፤ ይህም በዚያ ዓመት በካናዳ ከሞቱት ሰዎች ከ100 ወደ 5 የሚጠጋው ማለት ነው።

ሕጉን ከሩቅ የሚሰማ ሰው እነዚህ ሁሉ ሊታገሡት የማይቻል የሥጋ ሕማም ያስጨነቃቸው ናቸው ብሎ ያስባል። ነገር ግን ይህን የሚመስል ሥርዓት ቀደም ብሎ ከ1997 ጀምሮ በሥራ ያዋለው የአሜሪካው የኦሪገን ግዛት በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ፣ በሕመምተኞቹ ዘንድ ከፍተኛውን ቦታ የሚይዘው ምክንያት የሥጋ ሕማም አይደለም፤ ራስን በራስ ማስተዳደር ማጣት፣ ደስ ያሰኙ የነበሩ ነገሮችን መሥራት አለመቻል፣ ክብርን ማጣት ነው። በካናዳም ዘገባ ከሲሶው የሚበልጡት ለቤተሰባቸው ሸክም መሆናቸውን ከምክንያቶቻቸው አንዱ አድርገው ተናግረዋል።

ይህን ቁጥር በሰው መልክ አይቼዋለሁ። አንድ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ በክፍላችን ተኝቶ ነበር፤ ሕመሙ ከቆዳው በታች በሚሰጠው ሞርፊን ተገትቶለታል፤ እንቅልፉም መልካም ነበር። እርሱን የፈተነው ሌላ ነው። ጨርቁ ሲለወጥለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ልጁ ከሥራዋ ቀርታ አጠገቡ ስትውል ደግሞ «ጊዜዋን በላሁባት» ይል ነበር። ሞትን በጠየቀ ጊዜ ሐኪሞቹ ሕጉ የሚያዘውን ሁሉ በትሕትናና በጥንቃቄ ጠየቁት፤ በውኑ የራሱ ፈቃድ እንደሆነ፣ ያስገደደው ሰው እንደሌለ መረመሩ። ያስገደደው ሰው በእርግጥ አልነበረም፤ ያስገደደው ከወጣትነቱ ጀምሮ የተማረው፣ የሚጠቅም ሰው ብቻ ሊኖር ይገባዋል የሚለው ሐሳብ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ በቅጹ ላይ ጥያቄ አልተዘጋጀለትም። ቀን ተቆረጠለት፤ በዚያውም ቀን ሞተ።

እኔ በሕሊናዬ ምክንያት በዚያ ሥራ አልተካፈልሁም፤ ሕጉም ባለሙያን በገዛ እጁ እንዲፈጽመው አያስገድድም። ሆኖም ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የማይስማማው ሐኪም ሕመምተኛውን ወደሚስማማ ሐኪም የመምራት ግዴታ አለበት፤ ይህንንም የክፍለ ሀገሩ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2019 አጽንቶታል። በሃይማኖቶች መካከል ገለልተኛ ነኝ የሚለው ትምህርት እንግዲህ እርሱም በተራው የራሱ ዶግማ አለው፤ ከዚያ ዶግማ የተለየውንም ባለሙያ ቢያንስ መንገድ እንዲያሳይ ያዝዘዋል።

የሥራ ባልደረቦቼ «ምርጫው የእርሱ ነው፤ አንቺ ሃይማኖትሽን በሰው ላይ ለምን ትጭኛለሽ?» ይሉኛል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ መልስ አይደለም፤ ሰውን አስገድዶ ወደ እግዚአብሔር ማቅረብ እንደማይቻል እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ማንም ሰው ብቻውን አይመርጥም። ኅብረተሰቡ እንክብካቤንና ሞትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምረጥ ባለ ጊዜ፣ ቀድሞ ምንም ሳይጠየቅ ይኖር የነበረው ደካማ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚኖርበትን ምክንያት ለማስረዳት የተገደደ ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከዚህ የሚለየው የሰውን ክብር በሰው ችሎታ ላይ ባለማኖሩ ነው። ሰው በአርአያ ሥላሴ ተፈጥሯልና ክብሩን ያገኘው ከሰጪው ነው፤ አእምሮው ቢሰወር፣ አካሉ ቢሰበር፣ ያ ክብር አይቀነስም፤ ይልቁንም የፍርድ ቀን ጥያቄ የታመመውን ስለመጠየቅ እንደሚሆን ጌታ አስተምሯል። ይህ በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድሆች፣ ለድውያንና ሰው ለሸሻቸው ለምጻሞች ማደሪያ ሠራ፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስም አዲስ ከተማ ብሎ አመሰገነው። በዘመናችንም ሲስሊ ሳውንደርስ የተባለችው እንግሊዛዊት፣ በመጀመሪያ ነርስ በኋላም ሐኪም፣ ከክርስትና እምነቷ ተነሥታ በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ (ለሞት የቀረቡ ሕመምተኞች የሚታከሙበትን ቤት) በለንደን ከፈተች፤ ሕማሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ ሞርፊን በሰዓቱ እንዲሰጥ ያስለመደች፣ የሥጋ ሕማም፣ የልብ ኀዘን፣ የቤተሰብ ጭንቀትና የነፍስ ጥያቄ በአንድነት እንዲታከሙ ያስተማረች እርስዋ ናት። ዛሬ የምሠራበት ሙያ የተወለደው ከዚያ ነው።

በዚያው ክፍል አንዲት የአገራችን እናት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን መለየት ካቆሙ ሰንብተዋል፤ የሚናገሩትም፣ የሚመርጡትም አልነበረም። ከንፈራቸው ሲደርቅ ትንሿን ስፖንጅ በውኃ ነክሬ «እማማ፣ አፍዎን ላርጥብልዎ» እላለሁ፤ ምላሳቸው ስፖንጁን ሲሻ ይታያል። ካህኑ መጽሐፈ ቀንዲል ደግመው ቅብዐ ቅዱሱን ቀቧቸው፤ ትልቁ ልጃቸው ለሥራ ሲወጣ ጉልበታቸውን ስሞ ነው የሚሄደው። ከእርሳቸው የቀረው ምንድር ነው ብሎ የጠየቀ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

ይሁን እንጂ እኛን የሚያስመካን ብዙ ነገር የለም። ሕማም የነፍስ ዋጋ ያስገኛል ብለው ለአባታቸው ሞርፊን እንዳይሰጥ የሚከለክሉ ምእመናን አጋጥመውኛል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ጌታ ድውያንን ፈወሰ እንጂ በሕማማቸው ተዉአቸው አላለም። ከዚህም የሚከፋው ብቸኝነቱ ነው። መጻጉዕ 38 ዓመት በአልጋ ላይ ተኝቶ ለጌታ ያመለከተው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር፤ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ይህን እየሰማን፣ በዚሁ ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ሳያገኝ ሳምንት የሚያልፍበት የአገራችን ሽማግሌ መኖሩን ረስተናል። እድሩ ለቀብር ይሰበሰባል፤ ገንዘቡም ይዋጣል፤ ሕመምተኛውን ግን እድርተኞቹ ያስፈለጉት በሕይወት ሳለ ነበር።

ስለዚህ በውጭ አገር ያላችሁ የአጥቢያ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም፣ ይህን እለምናችኋለሁ፤ በአጥቢያችሁ የታመሙትን ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ቀንና ሌሊቱን ተከፋፍላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ቤተሰቦችም የማስታገሻ ሕክምናን የመጨረሻው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁት፤ ሞትን ለማፋጠን የሚሰጥ አይደለምና፣ በሽታው እንደታወቀ ሐኪማችሁን ጠይቁ።