ቃሉን ያቆየው ሕዝብ ነው

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ላይ ተገኝተው በዓባይ ወንዝ ላይ ለሚሠራው ግድብ የመሠረት ድንጋይ አስቀመጡ። ያኔ ለሕዝብ በይፋ የተነገረው ግድቡ 5,250 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ፣ 80 ቢሊዮን ብር ገደማ እንደሚፈጅና ወጪውን ኢትዮጵያውያን ራሳቸው እንደሚሸፍኑት ነበር። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከ14 ዓመታት በላይ አልፈዋል፤ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራርቀዋል፤ አገሪቱም በጦርነት ውስጥ አልፋለች።

መሪዎች ሪባን ሲቆርጡና ዕቅድ ሲያስተዋውቁ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አብዛኛው ማስታወቂያ ግን ከማታው ዜና አያልፍም። የጉባው ቃል ይህን ሁሉ ዓመት የተሻገረበት ምክንያት ሊጠና ይገባዋል፤ ዛሬ ለሚነገሩት ታላላቅ ዕቅዶችም መለኪያ የሚሆነን እሱ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት የሕዝቡ ገንዘብ ነው። የውጭ አበዳሪዎች በዓባይ ላይ ለሚሠራ ግድብ እጃቸውን ስለሰበሰቡ ሸክሙ የዜጋው ሆነ። የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደሞዙን በ12 ወራት እያስቆረጠ ቦንድ ገዛ። ነጋዴው፣ አርሶ አደሩ፣ ወታደሩ፣ በውጭ የሚኖረው ወገን ሁሉ አዋጣ። በ8100 አጭር መልእክት የላከም አለ። ያዋጣ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። «ግድቡ ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ለዓመታት ሳይቋረጥ ቆየ። መለስ ነሐሴ 2004 ሲያርፉ ቃሉ አብሮ ያልተቀበረው ጠያቂው በሕይወት ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ዘግይቶም ቢሆን መጥፎው ዜና በአደባባይ መነገሩ ነው። ሥራው ሲጀመር ከተባለለት የአምስት ዓመት ገደማ ጊዜ ብዙ ዘገየ። የማመንጨት አቅሙ 6,000፣ ቀጥሎም 6,450 ሜጋ ዋት ተባለ፤ በመጨረሻ የተርባይኖቹ ቁጥር ከ16 ወደ 13 ወርዶ 5,150 ላይ ቆመ። ሐምሌ 2010 የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ አገር አለቀሰ። በቀጣዩ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ከመንግሥታዊው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) መነጠቁን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ሥራው ወደ ኋላ መቅረቱን መስማት ለባለቦንዱ መራራ ነበር። ግን ችግሩ የት እንዳለ ካልተነገረ መፍትሔውም አይመጣም ነበር። የካቲት 13 ቀን 2014 የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ የግድቡ መጠናቀቅም ሰኔ 26 ቀን 2017 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተነገረ።

በዚያው ዘመን የተነገሩ ሌሎች ዕቅዶች እንዲህ አልታደሉም። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ሐዲድ እንደሚዘረጋ፣ አገሪቱም ስኳር ላኪ እንደምትሆን ይናገር ነበር። የጅቡቲው መስመር ሥራ ጀመረ። ወደ መቀሌ የሚያደርሰው መስመር ግን መንገድ ላይ ቀረ፤ ስኳርም ከውጭ መግዛታችንን ቀጠልን። እነዚህም በሕዝብ ገንዘብና ሕዝብ በሚከፍለው ብድር የተጀመሩ ናቸው። ዳሩ ግን ዜጋው እንደ ቦንዱ ደረሰኝ በእጁ የያዘው ነገር ስላልነበረ የጠየቀ ጥቂት ነው። ለተጓተቱበት ጊዜና ለባከነው ገንዘብ የተሟላ ሂሳብ በአንድ ቦታ ተሰድሮ አልቀረበለትም።

ዛሬ ማስታወቂያው በርክቷል። ነሐሴ 2017 ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ በ40 ወራት ይጠናቀቃል፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሏል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ደግሞ ግዙፍ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል። በማዳበሪያ እጥረትና ዋጋ በየክረምቱ ለሚጨነቅ አርሶ አደር የጎዴው ቃል የሕይወት ጉዳይ ነው። 40 ወሩ ሲሞላ ወደ ጎዴ ሄዶ የሚጠይቅ ሊኖር ይገባል።

ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልገንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለተከናወኑ ሥራዎችና ስለ ዕቅዶች ለምክር ቤቱ በየጊዜው ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል፤ አንቀጽ 55 ደግሞ ለምክር ቤቱ ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። የጎደለው ልማድ ነው። ማንኛውም ታላቅ ዕቅድ ሲነገር የማለቂያ ቀኑ፣ ወጪው፣ የገንዘቡ ምንጭና ኃላፊው አብረው ይነገሩ። ምክር ቤቱ አራቱን መዝግቦ በየዓመቱ፣ የበጀት ውይይት ሲደርስ፣ አንድ በአንድ ያንብባቸው። የተለወጠ ቁጥር ካለ ለምን እንደተለወጠ ይነገር። ጋዜጠኛውም ምረቃ ላይ ብቻ ሳይሆን በተባለው ቀን ቦታው ላይ ይገኝ።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ቃልን እንዲህ ስለሚያከብሩ ነው። ሕዝቡ በጉባ የድርሻውን ተወጥቷል፤ ከደሞዙ ቆርጦ ሰጥቷል፣ ታግሷል፣ ጠይቋል። እንግዲህ በእያንዳንዱ ዕቅድ ላይ ያንኑ ጥያቄ የማንሳት መብቱ ሊከበርለት፣ መልሱም በቁጥርና በቀን ሊሰጠው ይገባል።