ቀኑን ማን ይቁረጥ? በበርካታ ከተሞች የሚካሄድ የፊልም ፌስቲቫል አስተቃቀድ

የፊልም ፌስቲቫል ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ዋና ከተማ አዳራሾች ያመራል። ይሁን እንጂ አንድን ፌስቲቫል በተከታታይ በበርካታ ከተሞች ማካሄድና በየከተማው ዙሪያ ያለውን አርሶ አደር ተመልካች ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ያለው ዝግጅት የሚሰምረው ግን የአካባቢው ማኅበረሰብ በግብዣ ወረቀት ላይ ስሙ ስለሰፈረ አይደለም። ቀኑን በመቁረጥ፣ ፊልሙን በመምረጥና ወጪና ገቢውን በማወቅ ሲሳተፍ ነው።

ከአፍሪካ ልምድ

በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ የሚካሄደው ፌስፓኮ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1969 የተጀመረ ሲሆን፣ ከአህጉሩ ታላላቅ የፊልም ፌስቲቫሎች አንዱ ነው። ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" በተሰኘው ፊልማቸው በ2009 የፌስቲቫሉን ከፍተኛ ሽልማት አግኝተዋል።

ፊልምን ወደ ገጠር በማውረድ ረገድ ደግሞ የዛንዚባር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ይጠቀሳል። ዋናው ትዕይንት በስቶን ታውን ቢካሄድም፣ በኡንጉጃና በፔምባ ደሴቶች በሚገኙ መንደሮች ፊልም የማሳየትና ለሴቶች የተለየ መርሐ ግብር የማዘጋጀት ልምድ አለው። በምዕራብ አፍሪካም ጀኔሬተር፣ ፕሮጀክተርና የጨርቅ ስክሪን በመኪና ጭነው ከመንደር ወደ መንደር የሚዘዋወሩ ሲኒማ ቤቶች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት፣ ተመልካቹ ወደ ፊልሙ መምጣት ካልቻለ ፊልሙ ወደ ተመልካቹ መሄድ እንዳለበት ነው።

የእርሻው የቀን መቁጠሪያ

ለአብነት ደብረ ብርሃንን፣ ደሴን፣ ባሕር ዳርንና ጎንደርን የሚያዳርስ ፌስቲቫል ቢታሰብ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ መቼ ይካሄድ የሚለው ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ የእርሻ፣ የዘርና የአረም ወቅት ነው፤ ዝናቡም በሜዳ ላይ ፊልም ለማሳየት አያመችም። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው የሚፋፋምባቸው ወራት ናቸው። በዚህ ጊዜ የተጠራ ፌስቲቫል አርሶ አደሩን አላገኘውም ማለት ነው።

የተሻለ ሆኖ የሚታየው ከጥምቀት በዓል ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ነው። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። ዐቢይ ጾም በቶሎ ሲገባ የካቲት 1፣ ሲዘገይ ደግሞ መጋቢት 5 ይጀምራል። በቶሎ በሚገባበት ዓመት ከጥር 13 እስከ ጥር 30 ያሉት 18 ቀናት ብቻ ይቀራሉ፤ የሦስት ቀኑ ጾመ ነነዌም በዚሁ መካከል ይውላል። የረመዳን ወር በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀናት እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በአሁኑ ዘመን ወደ የካቲትና ወደ ጥር ተጠግቷል። በተለይ በወሎ አካባቢ የማታ ትዕይንት ከተራዊህ ሰላት ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ከአካባቢው አባቶች ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ጥር የሠርግ ወር መሆኑም አይዘነጋም።

ከዚህ ባሻገር የሁሉም አካባቢ እርሻ አንድ አይደለም። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ደጋማ ቦታዎች የበልግ አምራቹ ዝናቡ ሲጥል ወደ ማሳው ይመለሳል። በባሕር ዳር አቅራቢያ የቆጋ መስኖ ተጠቃሚ የሆነው አርሶ አደር ደግሞ በበጋም ውኃ የማጠጣት ተራ አለው። ስለዚህ ጉዞውን ከደብረ ብርሃን ጀምሮ፣ በደሴ በኩል አልፎ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር መጨረስ በልግ ሳይገባ ምሥራቁን ለማዳረስ ያስችላል። የመስኖ ተጠቃሚውን በተመለከተ ግን የውኃ ተራውን የሚያውቁት የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ስለሆኑ እነርሱን መጠየቅ ይገባል።

በአንድ ጊዜ ወይስ በዙር?

ፌስቲቫሉን በሁሉም ከተሞች በአንድ ጊዜ ማካሄድ አራት ፕሮጀክተር፣ አራት የድምፅ መሣሪያና አራት የባለሙያ ቡድን ይጠይቃል። በዙር ማካሄድ ግን በአንድ መሣሪያና በአንድ ቡድን ይቻላል። በየከተማው ሦስት ቀን ቢታይ 12 ቀን ይሆናል፤ በከተሞቹ መካከል ለጉዞና ለዝግጅት አንድ አንድ ቀን ሲጨመር ድምሩ 15 ቀን ነው። ይህ ከላይ በተጠቀሰው የ18 ቀን ጠባብ ጊዜ ውስጥ የሚገባ ቢሆንም፣ ጾመ ነነዌን ዘሎ ለማለፍ የሚተርፈው ሦስት ቀን ብቻ ነው። የመንገድ መዘጋት፣ የመብራት መቋረጥ ወይም የጸጥታ ስጋት ቢያጋጥም መጠባበቂያ ቀን አይኖርም። በመሆኑም ጾሙ በቶሎ በሚገባበት ዓመት የከተሞቹን ቁጥር ወይም የትዕይንቱን ቀናት መቀነስ አስተዋይነት ነው።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። የሜዳ ትዕይንት መጨለምን ስለሚጠብቅ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት መጀመር አይችልም። ያ ሰዓት ለከተማ ነዋሪ ቢመችም፣ ከብት የሚያስገባና ረጅም መንገድ በእግሩ የሚመለስ አርሶ አደር አያገኝም። ለእርሱ የሚመቸው በገበያ ቀን፣ ሽያጩ ከተጠናቀቀ በኋላ፣ በጨለመ አዳራሽ ውስጥ የሚታይ አጭር ፊልም ነው። አህያውንና ሸቀጡን የሚጠብቅለት ሰውና ቦታ ካልተዘጋጀ ግን አዳራሹ ባዶ መቅረቱ አይቀርም።

አጋሮቹ እነማን ናቸው?

የአካባቢ አጋር ሲባል የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ብቻ አይደለም። እድሮች ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አሏቸው፤ ሰው የመጥራትና የማስተናገድ የቆየ ልምድም አካብተዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መልእክትን እስከ ቀበሌ ያደርሳሉ። የወጣት ማኅበራት አስተናጋጅ ይሆናሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎች አዳራሽና ባለሙያ ያቀርባሉ። የሴቶች አደረጃጀቶች ደግሞ እናቶች ልጅ ይዘው የሚመጡበትንና በሰላም የሚመለሱበትን ሁኔታ ያመቻቻሉ።

እድሩ ድንኳኑን ሲያውስ ቢቀደድ የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ ቡናና ቆሎ የመሸጥ ዕድሉ ለአካባቢው ሴቶች ይሰጥ እንደሆነ፣ ከመግቢያ የሚገኘው ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል አስቀድሞ በመግባቢያ ሰነድ መስፈር አለበት። የጋራ ወጪዎች፣ ማለትም የፊልም ክፍያ፣ የመሣሪያና የትራንስፖርት ወጪ፣ ከየከተማው ወጪ ተለይተው ቢመዘገቡ ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

ፊልሙ፣ መብቱና ቋንቋው

ፊልምን ከበይነ መረብ አውርዶ ለሕዝብ ማሳየት ሕጋዊ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው ባለቤት መብት ይሰጣል። ስለዚህ ከባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ፊልሙ በስንት ከተማና ለስንት ጊዜ እንደሚታይ በግልጽ መጥቀስ ይኖርበታል። ለአንድ ከተማ የተሰጠ ፈቃድ ለአራት አይሆንም።

በምርጫው ላይ የአካባቢው ሰው ድምፅ ሊሰማ ይገባል። በየከተማው መምህር፣ አርሶ አደር፣ ወጣትና የሃይማኖት አባት ያሉበት ትንሽ ኮሚቴ ከታጩት ፊልሞች መካከል አስቀድሞ ተመልክቶ ቢመርጥ፣ ተመልካቹን የሚያስቀይም ነገር በዕለቱ አያጋጥምም። ለምሳሌ የኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" የገበሬውንና የባለርስቱን ግንኙነት የሚያሳይ በመሆኑ፣ ከትዕይንቱ በኋላ አረጋውያን ስለ መሬት ሥሪት የሚያወጉበትን መድረክ ሊከፍት ይችላል።

በስክሪን ግርጌ የሚጻፍ ትርጉም ማንበብ ለማይችል ተመልካች አይጠቅምም። በኡጋንዳ ተራኪዎች ፊልሙ እየታየ በድምፅ ማጉያ በአገር ቋንቋ የሚተረጉሙበት የተለመደ አሠራር አለ። ፌስቲቫሉ አፋን ኦሮሞ፣ አዊኛ ወይም ኽምጣኛ ወደሚነገርባቸው አካባቢዎች ቢሰፋ ይኸው ዘዴ ሊሠራ ይችላል። ተራኪው ግን ፊልሙን አስቀድሞ ደጋግሞ ማየት አለበት።

ማኅበረሰቡ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

አዘጋጆች ወደ አንድ ከተማ መጥተው አጋር ሁኑን ሲሉ፣ እድሩም ሆነ ማኅበሩ ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ብዙ አይደለም። ቀኑ ተቆርጦ ነው የመጣው ወይስ አብረን እንቁረጥ? ፊልሙን ማን መረጠው? ከገጠር የሚመጣው ሰው በምን ሰዓት ያያል? ንብረታችን ቢጎዳ ማን ይክሳል? ሲያበቃስ የወጣውና የገባው ሂሳብ፣ የተመልካቹም ቁጥር በማን ፊት ይነበባል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው አዘጋጅ በቀጣዩ ዓመትም ሲመጣ ድንኳንና ወንበር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። መልስ የሌለው ግን ማኅበረሰቡን በስም ብቻ አጋር አድርጎ ለመጠቀም የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ፊርማውን ማዘግየት ተገቢ ነው።